ግራ እግር

ጨሞጋን ተሻግሬ ዳገቱን ስጀምር፣
ከሦስት ወደ ሁለት ማርሹን ስቀይር፣
ክርርርጭ!
የገበያ ሰዎች ከነአህያቸው ዞሩ፣
ከመንገዱ ዳር ዶሮዎች በረሩ፤
አንድ ሽማግሌ፣ ዱላውን ተደግፎ፣ ትንሽም አዝኖ፣
«ይቺስ ጥርሷን ነቅላ ልትተፋ ነው፣ ልጄ» አለኝ ሳቁን አፍኖ።

ፊያት ሚሌቼንቶ ናት፣ በዕድሜ ታላቄ፤
ወንድሞቼ የአባቴን መሬት ሲካፈሉ
እኔ ቁልፏን ያዝኩ፣ እነሱ ሲስቁ አብሬ ስቄ።

ሦስት መካኒክ አያት።
አንዱ ሳያስነሳት ፈረደ፦ «ካምቢዮው ይውረድ።»
ሌላው እጁን በጨርቅ እየጠረገ፣
«ሙሉውን ከመርካቶ አስመጪ» አለ፣ ስልክ ቁጥር ፈለገ።
ሦስተኛው ዋጋ ጠራ፤ ዋጋው ከመኪናዋ በለጠ፤
ራሱም አፍሮ ጎማዋ ላይ አፈጠጠ።

አራተኛው አንማው ነው፣ ከውትርን ድልድይ ማዶ፤
ጋራዡ አንድ ባሕር ዛፍ፣ ጥላ የሚሆን ቆርቆሮ፣
አንድ ክሪክ፣ እጀታው በሽቦ ታስሮ።
ቁልፉን ስሰጠው አልተቀበለኝም።
«መቼ ነው የምትጮኸው?» አለኝ። «በጠዋት በብርዱ? ስትሞቅ?
ማርሽ ስትጨምሪ ነው ስትቀንሺ?
ቆማም ትጮሃለች?»

«አስነሺያት። ፍሪሲዮኑን ርገጪ፣ እስከ መጨረሻ።
እስከ አምስት ቁጠሪ።
አሁን የኋላ ማርሽ።»
ቆጠርኩ። አስገባሁ።
ዝም አለች፤ ቅቤ ውስጥ እንደገባ ጣት።
«ፍሪሲዮኑ ጤነኛ ነው» አለ፤ «ከሱ እንውረድ።»

ከሥሯ ገብቶ ተኛ፣ የዘይቱን ቡሎን አላላ፤
በመዳፉ ተቀብሎ በሁለት ጣቱ አሸው፣
አሸተተው፣ ለፀሐይ አሳየው።
ጥቁር ነው፤ የብረት ስባሪ ግን የለውም።
ትንሽ ብልጭልጭታ ብቻ፣ ቢጫ፣ የነሐስ ብናኝ።
«ጥርሶቹ ደህና ናቸው። ያለቀችው የሁለተኛዋ ቀለበት ናት።
ጥርስና ጥርስ ሳይነካኩ በፊት
ሩጫቸውን የምታስተካክል፤ አስታራቂ በያት።
እሷ ስትደክም ሁለቱ በየሩጫቸው ይላተማሉ።»

ከዚያ አጠገቤ ተቀመጠ፣ ዐይኑን ጨፈነ፤
ወደ ጨሞጋ ነዳሁ።
አንደኛ፣ ዝም። ሦስተኛ፣ ዝም።
ወደ ሁለት ስመልስ፣ ክርርርጭ።
«አባትሽ ሲነዳት ትጮህ ነበር?»
«ኧረ በጭራሽ።»
«እግሩንስ? ግራ እግሩን አይተሽው ታውቂያለሽ?»

አይቼዋለሁ።
ልጅ ሆኜ፣ ዳገት በመጣ ቁጥር ያቺ ግራ እግሩ፣
ማሰሪያው በተበጠሰ ጫማ ውስጥ፣
ሁለት ጊዜ ትረግጣለች፤ አንዴ ጠንከር፣ አንዴ ቀስ።
«አባዬ እስክስታ አማረው» ብለን ስንስቅ
እሱ መልስ አይሰጥም፤ ዐይኑ ከመንገዱ አይርቅ።
በመጨረሻው ክረምት፣ ማርቆስ ሆስፒታል፣ ከብርድ ልብሱ ሥር፣
ያቺው እግር ሁለቴ፤ ትንሽ ቆይታ ደግሞ ሁለቴ።
ሐኪሙ «የነርቭ ነው» ብሎ ጻፈ፤
አመንነው፣ እኔና እናቴ።

«ቀለበቷ ካለቀች ብዙ ዘመኗ ነው» አለ አንማው።
«አባትሽ ለማንም አልነገረም፤ በእግሩ ይሸፍንላት ነበር።
በይ ርገጪ። ዜሮ አድርጊው። ልቀቂ።
ነዳጅ ስጪያት፣ ትንፋሽ ታህል።
ደግመሽ ርገጪ። አሁን ሁለት።»
አንዴ ሞከርኩ፤ አጉረመረመች።
ዳግመኛ ዘገየሁ፣ ሞተሩ ጠፋ፤
አንማው ሳል አስመስሎ ሳቀ።
በሦስተኛው
ገባ።
ድምፅ የለ፣ ምን የለ፤
በር ሳያንኳኳ እንደሚገባ የቤት ሰው።

«ቀለበቷን ላፈላልግልሽ?»
«እስቲ ትቆይ» አልኩት።
የዘይቱን ብቻ ተቀበለኝ።

ሲመሽ ዳገቱን ብቻዬን ወጣሁ፤
ርግጥ፣ ልቅቅ፣ ርግጥ።
ሽማግሌው ከቦታው የለም፤
ዶሮዎቹም ካሉበት አልተነሡም።
ያን ክረምት፣ አልጋው ላይ ተኝቶ፣
ወደ ሁለት ሲመልስ፣ ደግሞ ሲመልስ፣
የትኛውን ዳገት ነበር የሚወጣው?